ጥጥ የታሰረበት እጅ

የተበደልኩት ይህ ነው፤ አስቀድሜ ልጻፈው። የአዋሽ ግጥሚያ ዕለት ጠዋት፣ ሴቶቹ ልጆች ሁላችንም ጭነት መኪናው ላይ ከወጣን በኋላ፣ እኔ ብቻ ተጠርቼ እንድወርድ ተደረግኩ። የተሰጠው ምክንያት «ልጆቹን ዓይን አውጣ አድርጋቸዋለች» የሚል ነው። በኋላ በሠራተኛው ካምፕ የተወራው ሌላ ነው። አርፍዳ ነው ተባለ፤ ተሳድባ ነው ተባለ፤ አንዷማ የመጫወቻውን ዱላ ሰብራ ነው ብላ ማለች። ሐሰት ነው። መኪናው ላይ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። የተሳደብኩት ከወረድኩ በኋላ ነው። ዱላውም አዋሽ ደርሶ በደህና ተመልሷል።

ያደረግነውን ሁላችንም አድርገናል። ታዲያ ለምን እኔ ብቻ? ይህን ጥያቄ ይዤ ተዳርኩ፣ ወለድኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ። ሰዎች «ተይው፣ የልጅነት ነገር ነው» ይሉኛል። የልጅነት ነገር ስለሆነ ነው የማልተወው። ትልቅ ሰው ሲበደል የሚከስበት ቦታ አለው፤ ልጅ ሲበደል የት ይሄዳል?

የምጽፈው ሰመራ፣ ልጄ ቤት ሆኜ ነው። እዚህ ነፋሱ ሲነሳ በርና መስኮቱ አያርፍም፤ እኔም አላርፍም። ትንሽ እጽፍና ተነስቼ መስኮት እዘጋለሁ፤ ሲታፈን ደግሞ ሄጄ እከፍታለሁ። የልጅ ልጄ «እቴቴ፣ ወይ ጻፊ ወይ ተኚ» ትለኛለች። እሷ ምን ታውቃለች።

ያኔ ጃንሆይ ነበሩ። አባቴ ከደጋ ወርዶ ከመልካ ወረር ወዲህ ባለ የጥጥ እርሻ ተቀጠረ። ሥራው የቦይ በር መክፈትና መዝጋት ነው። ውሃ የሚታዘዝለት ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ለሁሉ ይታዘዛል። አለቃ ሲያናግረው ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይይዝና ዓይኑን ከሰውየው ጫማ ላይ ይተክላል። «እሺ ጌታዬ» ይላል። ምንም ሳይጠየቅም «እሺ ጌታዬ» ይላል። እኔንም ያሳደጉኝ እንደዚያው ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ቀና ብዬ ካየሁ እናቴ በጉልበቷ ትጎሽመኝ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም፤ ጨዋ ልጅ የሚያድገው እንደዚያ ነው ብላ ነው። በካምፑ ከወሎም ከሸዋም ከጎጃምም የመጣ ሰው ነበረ፤ በሌላው ሁሉ ይጣላል፣ በዚህ በዚህ ግን አንድ ነው።

እርሻው ለሠራተኛ ልጆች ያሠራው ትምህርት ቤት ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ ይንጣጣል፤ መምህሩ የሚለው አይሰማም። ዘግይቼ ስለገባሁ ከክፍሌ ልጆች ትልቋና ረጅሟ እኔ ነበርኩ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ፈረንጅ መምህር መጣ። «ሚስተር» እንለዋለን። አፍንጫውን ፀሐይ አቃጥሎት ዘወትር እንደተላጠ ነው። ከወንዶቹ ጋር ኳስ ሲራገጥ ከረመና አንድ ቀን እኛን «እናንተስ ከትምህርት በኋላ ምን ትጫወታላችሁ?» አለን።

«ውሃ እንቀዳለን» አለችው የባለሱቁ ልጅ።

ይቺን ልጅ ላስተዋውቃችሁ፤ ከኔ ጋር እስከ መጨረሻው አለችበት። አባቷ ከወሎ መጥቶ በካምፑ ብቸኛውን ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ከሱ ሱቅ ስኳርና ጋዝ የማይገዛ የለም፤ ከዘበኛ እስከ ዲሬክተር። እሷ አጭር፣ ቀጭን፣ ምላሷ ግን ከቁመቷ የሚረዝም።

ሚስተሩ ብዙም ሳይቆይ አንድ ትልቅ ነጭ ኳስና አንድ ዱላ ይዞ መጣ። ጨዋታው ሶፍትቦል ይባላል አለን። አንዱ ክንዱን ከታች ወደ ላይ አወዛውዞ ኳሱን ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል፤ መትቶም በጆንያ ምልክት የተደረገባቸውን ማዕዘኖች ዞሮ ለመመለስ ይሮጣል። ሲያወሩት ይህችው ናት። ሲጫወቱት ግን ዱላና ኳስ የተማማሉ ይመስል አይገናኙም።

ዲሬክተሩ ፈቀደልን። በዚያ ሙቀት ክራባቱን የማይፈታ የደጋ ሰው ነበር። ፈቃዱ ግን ከነገደቡ ነው፤ ቀሚስ ከጉልበት በታች፣ ከሥሩ ሱሪ፣ ሚስተሩም አንዲትም ልጅ በእጁ እንዳይነካ። ይህን ካለ በኋላ ወንበሩን በረንዳው ላይ አስወጥቶ በየማታው ይቀመጥና ያየናል። ሁሉንም አይቷል። ይህን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ሳይነኩ ዱላ አያያዝ እንዴት ያስተምሩታል? ሚስተሩ ፊት ለፊታችን ቆሞ ያሳያል፤ እኛ እንደ መስተዋት እንቀዳዋለን። እሱ ቀኙን ከላይ ሲያደርግ እኛ ግራችንን። ግማሹ ልጅ እጁን አጣምሮ እንደ ተጠፈረ በግ ቆመ። ሚስተሩ ፀጉሩን ይዞ አየንና እኔን ወደሱ ጠራኝ። እሱ ጎን ቆሜ ዱላውን እንደሱ ያዝኩ። ከዚያ «ሂጂ፣ አንቺ አስተካክያቸው» አለኝ። እንዲህ ሆኜ የሱ እጅ ሆንኩ። እሱ ከሩቅ ያያል፣ ይናገራል፤ የልጅቷን ጣት የማላቅቅ፣ ክርኗን የማነሳ፣ እግሯን በእግሬ ገፍቼ የማስፋ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የታገልነው ከፈለጣ ጋር ነው። ሁላችንም ዱላ ሲሰጠን ወደ ላይ አንስተን ወደ ታች ነው የምናወርደው። እንጨት ፈልጦ ያደገ ክንድ ሌላ አያውቅም። ኳሱ ግን በወገባችን ልክ ነው የሚመጣው። «ፈለጣውን ተዪ! ጠፍጣፋ! እንደ ማጭድ!» እያልኩ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ በክንዳቸው ብቻ መምታት ጀመሩ። ወገባቸው እንደ ግንድ ተተክሎ ክንዳቸው ብቻ ይወራጫል። ሚስተሩ ወገቡን እያዞረ ያሳያል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ዲሬክተሩ በረንዳው ላይ ሆኖ ያስላል።

እኔ አሰብኩና እንስራ አመጣሁ። ውሃ ሞላሁበት። የባለሱቁን ልጅ አሳዘልኳትና «ዙሪ» አልኳት። ስትዞር እግሯ ቀደመ፣ ዳሌዋ ተከተለ፣ ትከሻዋ መጨረሻ መጣ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

«አሁን ክንድሽን አስቀድመሽ ዙሪ» አልኳት።

«አብደሻል? ይሰበራላ!»

«ዱላውንም እንደዚያው አድርጊው። እንስራ አዝለሻል።»

«ወላሂ የሰው ልጅ ሲጫወት እንኳን ውሃ ይሸከም?» አለች። ግን ገባት። ለሌሎቹም ገባቸው። ከዚያ በኋላ ልጅ ስትሳሳት «ፈሰሰብሽ!» እንባባል ነበር።

ስለዚህ አያያዙ ተስተካከለ፤ ዙሩ ተስተካከለ። ሚስተሩ ኳሱን በካልሲ ውስጥ ከቶ ከግራር ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለው፤ ሁላችንም ጥርግ አድርገን መታነው። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከዚያ ዞር ብሎ ሄደና ኳሱን ወረወረ። አንዲትም ልጅ አልመታችም። ሁላችንም ዘገየን። ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው ዱላው የሚዞረው፤ ለቅሶ ካለቀ በኋላ እንደሚደርስ ዘመድ።

«ፍጠኑ» ይላል ሚስተሩ። እንፈጥናለን፤ እንዘገያለን። ቀስ አድርጎ ወረወረ፤ ዘገየን። ይባስ ቀስ አደረገው፤ ኳሱ እኛ ዘንድ ሳይደርስ መሬት ወድቆ ተንከባለለ፤ አንዷ በዚያም ላይ ዘግይታ አየር መታች። የባለሱቁ ልጅ «ኳሱ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ዱቤ ያለበት ይመስላል» አለች።

አንድ የሚያቃጥለኝ ነገር ነበረ። እኔ ስወረውርላቸው ይመታሉ። የኔ ኳስ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ከሚስተሩም ይፈጥናል፤ ግን ይመታሉ። ሚስተሩ ሲወረውር አይመቱም። ሌሊት አልተኛ አልኩ። ነገር ካልገባኝ ቆዳዬ ውስጥ ጉንዳን የገባ ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬ።

ከሜዳው ማዶ ቦይ አለ። ከቦዩ ወዲያ የአፋር ሴቶች ግመልና ፍየል እየነዱ ያልፋሉ። ሜዳውም ጥጡም ያረፈበት መሬት ከኛ በፊት የነሱ ግጦሽ ነበር፤ ይህንንም እግረ መንገዴን ልጻፈው፣ የሚጽፈው ሰው ስላላየሁ። አንድ ማታ አንዲት ጎልማሳ ሴት ግመሏን አቁማ ሚስተሩን ፊት ለፊት፣ ዓይኑን አየችውና በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔ ደነገጥኩ። እንደዚያ ወንድ ማየት ይቻላል እንዴ? ዱላ የያዘችው ልጅም አይታ እንደሆነ ብዬ ዞርኩ። ምንም አላየችም። አንገቷን ደፍታ መሬት ታያለች። ዓይኗን ተከትዬ ሄድኩ፤ የሚስተሩ ጫማ ላይ አረፈ። ቀጣይዋን አየኋት፤ ጫማው ላይ። የባለሱቁን ልጅ፣ ያቺን ምላሳም፤ ጫማው ላይ። የሚስተሩ ጫማ ቡናማ ነው፣ የግራው ክር ሁልጊዜ የተፈታ ነው። ይህን እኔ በምን አወቅሁ? እኔም ስመታ የማየው ያንኑ ስለሆነ ነው።

ትልቅ ሰው ነዋ! መምህር ነዋ! ኳሱን የምናየው ከጫማው አልፎ አጠገባችን ከደረሰ በኋላ ነው። እኔ ስወረውርላቸው ግን እኩያቸው ነኝ፤ ቀና ብለው ያዩኛል።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። «ሲወረውር እዩት።»

«ፊቱን?»

«ፊቱን ባይሆን...»

«አላይም!» አለች አንዷ። «አባቴ ቢሰማ ያርደኛል።»

ተከራከርን። ብዙ ደከምኩ። ቀና ይላሉ፣ ይሽኮረመማሉ፣ ይደፋሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልቻልኩም፤ ዓይኔ ራሱ ይወርዳል፣ አንገቴ ላይ የእናቴ ጉልበት ያለ ይመስል። በንዴት ከሜዳው ወጥቼ ወደ እርሻው ዳር ሄድኩ። ጥጡ ፈንድቶ ነበር። አንድ ቆንጥሬ ክር አሰርኩበትና ለሚስተሩ ሰጠሁት። መንካት ክልክል ስለሆነ ራሱ በጥርሱ እየጎተተ የሚወረውርበት እጁ አንጓ ላይ አሰረው። ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን አሰረው።

«ጥጥ ማየት ነውር ነው?» አልኳቸው።

«ጥጥማ ቀኑን ሙሉ እናያለን» አለች የባለሱቁ ልጅ። «ጥጥ አይቶ ያፈረ የለም።»

«እንግዲያው ጥጡን እዩ።»

ጥጡ ወደ ኋላ ሲሄድ ክብደታችንን በኋለኛው እግር ላይ። ጥጡ ጭኑን ሲያልፍ የፊተኛውን እግር መሬት መርገጥ። ከዚያ እንስራው ይዞራል። የመጀመሪያዋ ልጅ መታች። ያ ድምፅ! ደረቅ ዱላ ከኳስ ሲገናኝ የሚሰማውን ድምፅ ያልሰማ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው። ሁለተኛዋም መታች። ሚስተሩ እጁን አየ፣ ጥጡን አየ፣ እኛን አየ፤ ቁጭ ብሎ መሬቱን በመዳፉ መታ።

የባለሱቁ ልጅ ግን በተቃራኒው ሆነች። ከመዘግየት ወደ መቸኮል። ጥጡ ንቅንቅ ሲል ዱላዋ አለቀ፤ ኳሱ ገና እየመጣ ነው። እሷን ያዳናት ሙቀጫ ነው። ማሽላ ሁለት ሆነን በሁለት ዘነዘና ስንወቅጥ የኔ ሲወጣ የሷ ይወርዳል፤ ከቸኮለች ይጋጫል፣ ጣት ይቀጠቀጣል። እየወቀጥን «ኳሱ የኔ ዘነዘና ነው» አልኳት። «ሲመጣ ቦታ ስጪው፣ ከዚያ ተራሽ ነው።» በማግስቱ ሜዳ ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እንደ ወቀጣው «እህ... እህ» ትላለች። በሁለተኛው «እህ» ላይ ኳሱን ከቦዩ አሻገረችው።

ዲሬክተሩ ያን ቀን ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። «ይህ ጥጥ ምንድን ነው?» አለኝ። አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ጫማውን፣ ማፈሩን፣ ማየቱን። ክራባቱን ይዞ እስኪንፈቀፈቅ ሳቀ። «አንቺ ብልጥ ነሽ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በኋላ ጥጡን ፈታነው፤ ዓይናችን እጁን ለመደና አያስፈልገንም ነበር። ዲሬክተሩ ይህንንም አየ። አንድም ቀን «ተዉ» አላለም።

ከዚያ የአዋሽ ነገር መጣ። የባቡር ጣቢያው ሰዎች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሴቶችም ይህን ጨዋታ ይጫወታሉ ተባለ፤ ግጥሚያ ተያዘ። እኔ ከዚያ በፊት ከካምፑ ወጥቼ አላውቅም። ባቡር አይቼ አላውቅም። ከባቡሩ ይልቅ ግን የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ አይቶኝ በማያውቅ ሰው ፊት አንድ ኳስ መምታት። የሁሉንም ዱላ ሳስተካክል ከርሜ የራሴ ተራ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር፤ ሲመሽ፣ ኳሱ ሳይታይ። አዋሽ ላይ መጀመሪያ የምትመታው አንቺ ነሽ ብሎኝ ነበር ሚስተሩ።

በዋዜማው የእርሻው ሹም በላንድሮቨር መጣ። ትልቅ ሰውዬ፣ ትልቅ ባርኔጣ። ሊያበረታታን ነው የመጣው። ንግግር አደረገ። ከዚያ «እስቲ እኔም አንድ ልወርውር» አለ። ኳሱን ሰጡት። ዱላው በባለሱቁ ልጅ እጅ ነበር። ሹሙ ወደ ሰዉ እየሳቀ ክንዱን አወዛወዘ። እሷ ዓይኗን እጁ ላይ ተከለች፤ እንደለመደችው። «እህ... እህ» ስትል ሰማሁ። ኳሱ እንደ ጥይት ተመለሰ፤ ጆሮውን በጋት ስቶ ባርኔጣውን አንስቶ ወሰደው።

ቢስቁ ምን ይደረጋል? ዘበኞቹ ሳቁ። ሾፌሩ ሳቀ። ከቦዩ ማዶ የአፋር ሴቶች እልል አሉ። ሹሙ ራሱን ዳበሰ፤ መላጣ ነበር።

«ይቺ ልጅ ሰው አታፍርም እንዴ?» አለ። «እንዴት ነው ያፈጠጠችብኝ! አያችኋት?»

«እጅዎን ነው ያየሁት ጌታዬ» አለች የባለሱቁ ልጅ።

«ዝም በይ! ማነው እነዚህን ዓይናቸውን ያወጣቸው? አንዷ ትቀጣ!» ብሎ ዲሬክተሩን አየ። ዲሬክተሩ ክራባቱን አስተካከለ። መኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ።

ጠዋት ከመሰብሰባችን በፊት እኔ መኪናው ላይ ነበርኩ። ዱላውን ታቅፌ ከጋቢናው ጀርባ ተቀመጥኩ። ልጆቹ እየዘፈኑ ወጡ። ሞተሩ ተነሳ። ዲሬክተሩ መጣና ቀጥ ብሎ ወደኔ ጠቆመ።

«አንቺ ውረጂ።»

«እኔ? ለምን?»

«ልጆቹን ዓይን አውጣ አድርገሻቸዋል።»

«እርስዎ እያዩ አይደለም እንዴ? ስቀው ብልጥ ነሽ አላሉኝም?»

«ውረጂ አልኩ!»

የባለሱቁ ልጅ ተነሳች። «የመታሁት እኔ ነኝ። እሷ ከወረደች እኔም እወርዳለሁ።»

«አንቺን የጠራሽ የለም፤ ተቀመጪ» አላት። ጎትተው አስቀመጧት።

ሚስተሩን አየሁት። እሱ ያውቃል፤ ከሁሉም እሱ ያውቃል። ወደ ዲሬክተሩ ሄዶ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ዲሬክተሩ «ባህላችን» ብሎ በአማርኛ ሲጨምር ሰማሁ። ሚስተሩ ወደኔ ዞረ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያን ሁልጊዜ የሚፈታ የጫማ ክሩን ማሰር ጀመረ። እስክወርድ ድረስ አስሮ አልጨረሰም። ዱላውን ለባለሱቁ ልጅ አቀበልኳትና ወረድኩ። ዲሬክተሩን ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ፈሪ!» አልኩት። የተሳደብኩት ይቺን ነው።

ቀኑን ሙሉ ቦዩን ይዤ ወጣሁ ወረድኩ። አልተቀመጥኩም። እናቴ ምሳ ብላ ጠርታኝ አልሄድኩም። ማታ መኪናው እየዘፈነ ተመለሰ፤ አሸንፈው ነበር። የባለሱቁ ልጅ ሳትገባ ወደኔ ሮጣ መጣች።

«የነሱ ወርዋሪ ጫማ የላትም» አለችኝ እያለከለከች። «ጫማ እንይ ብንልም የሚታይ የለም!» ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። «ባንቺ ተራ እኔ መታሁ። አፉ በይኝ» አለችኝ።

በማግስቱ አባቴ ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ ባርኔጣውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አትምጣ አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

አልፎኝ ወደ ውስጥ ገባ። ያለውን ግን አውቃለሁ። ትምህርቴ እዚያው ላይ ቆመ፤ በዓመቱ ዳሩኝ።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሰርዶ ላይ ለሾፌሮች ሻይና ዳቦ እየሸጥኩ ልጆች አሳደግሁ። ሕይወቴን አላማርርም፤ ክፉም ደግም አይቼበታለሁ። ግን እጄ ላይ መጥረጊያ በገባ ቁጥር ሳላስበው ሁለት እጄን አንድ ላይ ገጥሜ እይዘዋለሁ፤ ቀኝ ከላይ። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄን መምህሯ «ሲያናግሯት ዓይን አታይም፣ ምን ትደብቃለች?» ብሎ እናቷን አስጠራ። ለካ አሁን ደግሞ አለማየት ጥፋት ሆኗል! ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ቀኑን ሙሉ ቤቱን ስዞረው ዋልኩ።

በዚያው ሰሞን ስልክ ጮኸ። የባለሱቁ ልጅ ናት። ዛሬ አዋሽ ላይ የራሷ ሱቅ ያላት፣ ሐጅ ያደረገች አያት ናት፤ ምላሷ ግን ያው ነው።

«ያ ክራባት እዚህ ነው» አለችኝ። «ልጁ ዘንድ መጥቶ ነው፤ በየቀኑ ከሱቄ ፊት ሻይ ይጠጣል። ትመጪያለሽ ወይስ ልስደብልሽ?»

«እንዳትነኪው። እመጣለሁ።»

ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምናገር ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አመመሽ እንዴ አለኝ። አዋሽ ስደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። እሱ ከሱቁ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ከዘራ ይዟል፣ ክራባት የለውም። በጣም አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ፤ ስለዚህ አላዘንኩለትም።

ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። በከዘራው ጠቆመኝና «ረጅሟ ልጅ!» አለ። «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ሻይ አምጡላት።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያን ቀን ለምን እኔን አወረዱኝ?»

«ኧረ እሱ ተረሳ እኮ! ስንት መንግሥት አለፈ።»

«እርስዎ ረስተው ይሆናል።»

«ሹሙ አዘዙ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ሹሙ አንዷ ትቀጣ አሉ እንጂ እሷ አላሉም። እኔን አያውቁኝም።»

«ባህልም ነበረ፣ እንዲያው...»

«ክራባትዎን ይዘው ሲስቁ ባህሉ የት ነበረ?»

የባለሱቁ ልጅ ከሱቋ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ባርኔጣውን ያወለቅሁት እኔ ነኝ፤ አላህ ይመስክር። ለምን እኔን አላወረዱኝም?»

ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቷል፤ እሱ ያማስላል። እኔ ቆሜያለሁ። ጭነት መኪና መጣ፣ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። እጁን አየሁ። ዘነዘናዬን አንስቼ ተራውን ሰጠሁት።

«የሷን አባት ብነካው» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ባለሱቁ ልጅ በአገጩ እየጠቆመ፣ «በነጋታው ደጄ ላይ ቆሞ ካምፑን ያስነሳብኝ ነበር። የጸሐፊውን ልጅ ባወርድ ይከሰኛል። የዘበኛውን ልጅ ባወርድ እንኳን ጠብ አለ። ሁሉንም ሌሊቱን ሙሉ አንድ በአንድ አሰብኳቸው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ያንቺ አባት ግን ቀና ብሎ እንደማያየኝ አውቅ ነበር።»